የሊጥ ሙጣጭ

በልጅነት ቤታችን የእንጀራ ቀን የሚታወቀው በጠረኑ ነበር። ገና ከመኝታችን ሳንነሣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጢስ በበሩ ስንጥቅ ሾልኮ ይገባል፤ ቀጥሎ ምጣዱ በጎመን ዘር ሲታሰስ የሚያወጣው ሽታ ይከተላል፤ ከዚያም ያ መጠነኛ ኮምጣጣነት ያለው፣ ከሌላ ከምንም ጋር የማይምታታ የእንጀራ እንፋሎት ቤቱን ይሞላዋል። እኛ ልጆች ግን ለእንጀራው አንቸኩልም ነበር። የምንጠብቀው መጨረሻውን ነው። እናቴ የሳምንቱን እንጀራ አውጥታ ስትጨርስ ከማቡኪያው ግርጌ የቀረውን ሊጥ በመዳፏ ጠርጋ ትሰበስበዋለች። ሙሉ እንጀራ አይወጣውም፤ እንዳይደፋም ያሳሳል። ሙጣጭ ይባላል። የእኛ ድርሻ እርሱ ነበር።

ከሙጣጩ የሚወጣው እንጎቻ ነው፤ ከሰሐን እምብዛም የማትበልጥ፣ ለልጅ ተብላ የምትጋገር ትንሽ እንጀራ። ሊጡ ትንሽ ተርፎ እናቴም ደስ ብሏት ከዋለች ግን እንጎቻው አነባበሮ ይሆናል። አንዷን ጋግራ በሰፌዱ ላይ ታወጣታለች። ሁለተኛዋን በምጣዱ ላይ አዙራ ዐይኗ መውጣት ሲጀምር፣ ገና ሳትደርቅ፣ የመጀመሪያዋን ገልብጣ ትደርብባታለች፤ ዐይን ለዐይን ገጥመው ይጣበቃሉ። ለአፍታ ትከድናቸዋለች። ከዚያ አውጥታ በርበሬ፣ ጨውና ጥቂት ኮረሪማ የገባበትን ንጥር ቅቤ ፊቱንም ጀርባውንም ትቀባዋለች። ጾም ከሆነ በቅቤው ፈንታ የኑግ ዘይት ይገባል። ስሙም ከሥራው የወጣ ነው፤ አነባበረ ማለት አንዱን ባንዱ ላይ ደረበ ማለት ነውና። በትልቁ ሲሠራ የእንግዳና የበዓል ቁርስ ነው። በሙጣጩ ሲሠራ ግን ማዕርግ የለውም፤ በምድጃው ዳር ቁጢጥ ብለን፣ ቅቤው በጣቶቻችን መካከል እየወረደ፣ እየተቃጠልን የምንበላው ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ የታሪክ መጻሕፍት አንብቤአለሁ። በብዙዎቹ ውስጥ ግብር ሲበላ አይቻለሁ፤ መሶብ ሲዘረጋ፣ ጠጅ ሲቀዳ፣ ሰንጋ ሲጣል። ሊጥ ሲቦካ ያየሁት ግን እጅግ በጥቂቶቹ ነው፤ ሙጣጩን ያነሣ አንድም አላገኘሁም። ይህች ጽሑፍ ስለ ሙጣጩና ሙጣጩን ስለሚያስገኘው ነገር፣ ማለትም ስለ እርሾ ናት። ስለ እርሾ የምጽፍበት ምክንያትም አለኝ፤ አንድ ጊዜ በገዛ እጄ ደፍቼዋለሁ።

የእርሾን ነገር የሚያውቅ ሰው ትዕግሥት ይስጠኝና ለማያውቀው ላስረዳ። የጤፍ ዱቄት በውሃ ይለወስና ካለፈው ሊጥ የተቀመጠ ጥቂት እርሾ ይጨመርበታል። ሁለት ሦስት ቀን ሲያድር ሊጡ ወደ ታች ይረጋል፤ በላዩ ቢጫ ውሃ ያቀርራል። ከዚህ ውሃ ጥቂቱ ተቀድቶ ለሚቀጥለው ይቀመጣል፤ እርሾ ማለት ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ከሊጡ ትንሽ ተወስዶ በፈላ ውሃ ይበስልና ወደ ወገኖቹ ይመለሳል፤ አብሲት ይባላል። አብሲት የተጣለበት ሊጥ ኩፍ ሲል ለምጣድ ደረሰ ይባላል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የዛሬው ሊጥ ከባለፈው ሳምንት፣ የባለፈው ሳምንት ከዚያ ከቀደመው የተወለደ ነው። እያንዳንዱ እንጀራ የሚበላ ቢሆንም የማይበላ አንድ ነገር በማሰሮ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ቤቱ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ምናልባት በዕድሜ የሚበልጠው እርሱ ነው።

በዚያ ማሰሮ ውስጥ የሚኖሩትን ሳይንስም ዘግይቶ ጎብኝቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣ አንድ ጥናት ሁለት ተመራማሪዎች ከእርሾው ውስጥ ካንዲዳ ጊሊየርሞንዲ የተባለች የእርሾ ፈንገስ ወገን የሆነች ረቂቅ ሕይወት ለይተው አሳይተዋል። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች ደግሞ ወተትን እርጎ ከሚያደርጉት ወገን የሆኑ ባክቴሪያዎች በሊጡ ውስጥ እንደሚሠሩ፣ ኮምጣጣነቱም ከእነርሱ እንደሚመጣ ገልጸዋል። መቡካቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በእህሉ ውስጥ ብረትንና ሌሎች ማዕድናትን ጨብጦ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ ሰውነታችን ከቦካው ሊጥ ከቂጣው ይልቅ የተሻለ ይጠቀማል። እናቶቻችን ይህን ስም አያውቁለትም ነበር። ሥራውን ግን ያውቁታል።

ጤፍ በዚህች ምድር ከዱርነት ወደ እርሻ የገባ እህል ነው። ስሙ ጠፋ ከሚለው ቃል ወጣ ይባላል፤ ከእጅ ከወደቀ አይገኝምና። ከስንዴ የሚለየው ደግሞ ሊጡን እንደ ላስቲክ የሚያያይዘው ግሉተን የተባለው ነገር የሌለው መሆኑ ነው። ዳያን ላየንስና ካትሪን ዳንድሪያ የተባሉ ሁለት የአርኪዮሎጂ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት የትግራይን ባልትና መርምረው አንድ መልካም ነገር ታዝበዋል። ስንዴና ገብስ በበቀሉበት በቅርብ ምሥራቅ የዳቦ ምድጃ ተስፋፋ፤ እንደ ጤፍ፣ ማሽላና ዳጉሳ ያሉ የአፍሪካ እህሎች በበቀሉበት ግን ተስማሚ ሆኖ የተገኘው ምጣድ ነው ይላሉ። ምጣዳችን ሰዎቹ ምድጃ መሥራት ስላቃታቸው የመጣ አይደለም ማለት ነው። እህሉ ራሱ የመረጠው ነው። ሊጡ መቆም አይችልምና ይተኛል፤ ተኝቶም በእርሾው ጉልበት ዐይን ያወጣል።

የውጭ አገር ሰዎች ይህን እንጀራ ሲያዩ ምን አሉ? እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ 6 ዓመት የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1540 በታተመው መጽሐፉ ከተለያየ እህል የተጋገረ እንጀራ ይቀርብላቸው እንደነበረ ጽፏል። ከመቶ ዓመት በኋላ የመጡት ኢየሱሳውያን፣ ከእነርሱም አንዱ ጄሮኒሞ ሎቦ፣ እንጀራን አፓስ ብለው ጠሩት። ቃሉ ያገራቸው አይደለም፤ በሕንድ ሳሉ ለዚያ አገር ስስ ቂጣ ይጠቀሙበት የነበረ ስም ነው። አዲስ ነገር ሲገጥማቸው ከሚያውቁት ሌላ የሩቅ አገር ነገር ጋር አዛመዱት፤ በደቡብ ሕንድ አፓም የሚባለው ከቦካ የሩዝ ሊጥ የሚጋገር እንጀራ መሰል ምግብ እስከ ዛሬ አለና ዝምድናው ከስም ያለፈ ነው። የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች እዚህ ላይ ፈገግ ይበሉ፤ የሎቦን መጽሐፍ ከፈረንሳይኛው እ.ኤ.አ. በ1735 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ሳሙኤል ጆንሰን ነው፤ የታላቁ መዝገበ ቃላት ጸሐፊ በመጽሐፍነት ያሳተመው የመጀመሪያ ሥራው ይኸው ነበር።

ከሁሉም ወደ ሊጡ ዕቃ የተጠጋው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን ቆይቶ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ጤፍ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ዱቄቱ በትልቅ የሸክላ ዕቃ ውስጥ በውሃ ተደርጎ፣ ከእሳቱ ራቅ ብሎ እስኪኮመጥጥ እንደሚቀመጥ፣ ከዚያም ክብ ሆኖ እንደሚጋገር፣ ለስላሳና እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ እንደሆነ፣ ኮምጣጣነቱም የማያስከፋ እንደሆነ ይነግረናል። ነጩ ለመኳንንቱ፣ ጠቆር ያለው ለአሽከሩ እንደሚቀርብም አስተውሏል። መልካም ዐይን ነበረው። ሆኖም ያንን ዕቃ ያስቀመጠችው ሴት ማን እንደነበረች፣ እርሾውን ከየት እንዳመጣችው አልጠየቀም። ወይም ጠይቆ አልጻፈውም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። አልቫሬዝ በ1520 አነባበሮ ቢቀርብለት ኖሮ ቀይ ባልሆነ ነበር። በርበሬ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ከ1492 በፊት ከአትላንቲክ ወዲህ ማዶ አልነበረም። ወደ እኛ ማጀት ገብቶ እስኪለምድ ጊዜ ወስዷል። ኮረሪማው የአገር ልጅ ነው፤ ጥምዝም እንዲሁ። እንግዲህ ያቺ የልጅነቴ እንጎቻ ፊቷ እንግዳ፣ ሆዷ ባላገር ነበረች፤ በላይዋ የተቀባው ጥቂት መቶ ዓመት፣ በውስጧ የቦካው ግን ማንም ያልቆጠረው ዘመን ነበረው።

ወደ ግብሩ እንመለስ። እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1887 የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ያደረጉት ታላቅ ግብር በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል ተመዝግቧል። ጄምስ ማካን የተባሉት የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት የአፍሪካ ምግብ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ይህን ግብር የኢትዮጵያ ብሔራዊ ማዕድ መልክ የያዘበት ቀን አድርገው ያነሡታል። አልቃወማቸውም። ግን የዚያን ግብር እንጀራ ሳስብ ዐይኔ ከመሶቡ ወደ ጀርባው ይሄዳል። ለዚያን ያህል ሕዝብ የሚበቃ ሊጥ በአንድ ማሰሮ እርሾ አይቦካም። ከስንት ቤት፣ ከስንት ጎጆ እርሾ ተሰብስቦ ይሆን? ዜና መዋዕሉ የእቴጌይቱን ልግስና ይናገራል፤ የእርሾውን ልግስና የሚናገር ግን የለም።

ከግብሩ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ክፉ ቀን መጣ። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ጨረሰው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተከተሉ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የነበረው ረኀብ ሕዝቡን ከማለቅ አፋፍ አደረሰው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው ምድር እስከ መቆፈር ደረሱ። ይህን ሁላችንም ተምረነዋል። እኔ ግን የማስበው የማሰሮዎቹን ነገር ነው። ዱቄት በሌለበት ቤት እርሾ አይኖርም፤ ያልተመገበ እርሾ ይሞታል። በስንት ሺህ ቤት ውስጥ ከአያት ቅድመ አያት የመጣው እርሾ በማሰሮው ውስጥ ደርቆ ቀረ? ዝናቡ መለስ ብሎ የመጀመሪያው ጤፍ ሲወቃ እናቶች እንደገና ሊጥ አቦኩ። ከየት አገኙት? ከተረፈ ጎረቤት እንደሆነ አያጠራጥርም። ጎረቤት ያልተረፈላትም ዱቄቱን በውሃ ለውሳ፣ ቀን ቆጥራ፣ ከባዶ ጀምራለች። እርሾ ከባዶ ይጀመራልና።

ሆን ብለው ከባዶ የሚጀምሩም ነበሩ። በጎንደርና በስሜን ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ፋሲካቸው ሲደርስ የቦካ ነገር ሁሉ ከቤታቸው ያስወግዱ ነበር። ጠላው ይደፋል፤ እርሾውም ይደፋል፤ ያሮጌውን የሸክላ ዕቃ ሰብረው በአዲስ የሚተኩም ነበሩ። የበዓሉን ቀናት ቂጣ በልተው ይሰነብቱና ከበዓሉ በኋላ አዲስ ሊጥ ያቦካሉ። በዓመት አንድ ጊዜ የማሰሮው ታሪክ ይቆማል፤ ነፃነት ከባርነት ጋር አንድ ሊጥ እንዳይሆን። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በብዛት ወደ እስራኤል ሲሻገሩም ሥርዓቱን ይዘውት ሄዱ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር መድፋትም ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል እረዳለሁ። የእኔ መድፋት ግን እንዲህ ያለ ክብር አልነበረውም።

እነሆ ነገሩ። ከዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ወደ ቤት የተመለስሁ ሰሞን እናቴ ታማ ሆስፒታል ተኛች። ወደ ቤት ስትመለስ ንጹሕ ሆኖ ይጠብቃት ብዬ ማጀቱን ለማጽዳት ተነሣሁ። ከበሩ ጀርባ አንዲት አፏ በጨርቅ የታሰረች ትንሽ ማሰሮ አገኘሁ። ብፈታት በውስጧ ቢጫ ውሃ፣ በውሃው ላይ ነጭ ሻጋታ የመሰለ ስስ ቆዳ አለ፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ተበላሽቷል አልሁ። ከአጥሩ ሥር ደፋሁት። ማሰሮዋንም በሳሙና አጥቤ፣ በፈላ ውሃ አለቅልቄ፣ ፀሐይ ላይ ደፋኋት። በሥራዬ ኰርቼ ነበር።

እናቴ ተሽሏት በገባች በሦስተኛው ቀን ወደ ማጀት ሄደች።

"ማሰሮዬስ?" አለች።

"አጥቤልሻለሁ፣ እማዬ።"

"በውስጧ የነበረውስ?"

"ተበላሽቶ ነበር፤ ደፋሁት።"

አልተቆጣችም። ብትቆጣ በተሻለኝ። በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ባዶዋን ማሰሮ አንሥታ በጉልበቷ ላይ አደረገቻት።

"ሃያ ስድስት ዓመት ነበረው" አለች በመጨረሻ። "ጎጆ ከወጣሁ ጀምሮ።"

ሃያ ስድስት ዓመት። ጤፍ በቀበሌ ሱቅ በኮታ በሚሰጥበት፣ እርሱም ሳይበቃ በማሽላ በሚደባለቅበት በዚያ ክፉ ዘመን ሁሉ ያልጠፋው እርሾ፣ ልጇ ተምሮ ሲመጣ ጠፋ። በዚያች ቀን በታሪክ ትምህርት የተቀበልሁት ወረቀት ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። ስለ ንዋየ ቅድሳት አጠባበቅ አንድ ሙሉ ሴሚስተር የተማርሁ ሰው፣ በገዛ ቤቴ የነበረውን ጥንታዊ ነገር በሳሙና አጥቤ አጠፋሁት።

በማግስቱ ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ ዘንድ ላከችኝ። ለወንድ ልጅ እርሾ መለመን ያሳፍራል፤ ደጃፉ ላይ ቆሜ ብዙ ተንጠራወዝሁ።

"ምነው የኔ ልጅ፣ እናትህ እንዴት አደረች?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ናት፣ እትዬ። እርሾ ስጡኝ በላቸው ብላኝ ነው።"

"እርሷ? እርሾ?" ብለው ትኵር ብለው አዩኝ። ፊቴ ላይ ያነበቡት ነገር እንዳለ ያወቅሁት ሲስቁ ነው። "ደፋኸው እንዴ! ወይ የወንድ ልጅ ነገር!" ወደ ውስጥ ገቡና አንድ ኩባያ ሞልተው ይዘው ወጡ። "እንካ፤ የናትህን ለናትህ ውሰድላት። እዚህ ግቢ በሙሽርነት የገባሁ ጊዜ እጄን ዘርግቼ የተቀበልሁት ከእርሷ ነው።"

በመንገዱ ላይ ኩባያውን በሁለት እጄ ይዤ ስመለስ የተሰማኝን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። በቤታችን የጠፋው ነገር አልጠፋም ነበር። ያልጠፋውም እናቴ ስለጠበቀችው ሳይሆን ስለሰጠችው ነው። ለራሷ ያስቀመጠችውን እኔ ደፋሁት፤ ለሌላ የሰጠችው ግን በሰው ማሰሮ ውስጥ ሲጠብቃት ኖሯል።

መጻሕፍትም እንዲሁ ናቸው። መጽሐፈ ሄኖክን በምሳሌነት ብናነሣ፣ በሌላው ዓለም ሙሉው መጽሐፍ ጠፍቶ ለብዙ መቶ ዓመታት ስሙና ቁርጥራጩ ብቻ ቀርቶ ነበር። በግእዝ ግን ሙሉ ሆኖ ቆየ። ሊጡን ያየልን ያው ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ሦስት ቅጂ ይዞ ወደ አውሮፓ ተመለሰ። መጽሐፉን ያዳነው በአንድ ግምጃ ቤት መቆለፉ አይደለም፤ ደብር ለደብር፣ ገዳም ለገዳም እየተዋዋሰ መገልበጡ ነው። አንዱ ቤተ መጻሕፍት ሲቃጠል ቅጂው በሌላው ተራራ ላይ ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን ጦርነት ስንት ብራና እንደጋየ እናውቃለን፤ የተረፈው ሁሉ አስቀድሞ ተውሶ የሄደው ነው ብል ከእውነት ብዙ አልርቅም።

ግን ቅጂ ሁልጊዜ አንድ አይሆንም። ጸሐፊው ይስታል፤ ይጨምራል፤ ያርማል። እናቴም ኩባያውን ተቀብላ፣ ክዳኑን ከፍታ፣ አሽትታ፣ ፊቷን ጨፈገግ አደረገችና፣ "የእኔማ እንዲህ አይኮመጥጥም ነበር" አለች። የእትዬ ቤት ፀሐይ የሚመታው ቤት ነበር፤ ሊጡ ይፈጥናል፤ ዓመታት በሌላ ማጀት ሲኖር እርሾው የዚያን ቤት ጠባይ ይዞ ኖሯል። የመጀመሪያው ሳምንት እንጀራ ኮመጠጠ። ሁለተኛው ሻል አለ። ሦስተኛው ላይ እናቴ አንዱን ከሰፌዱ ላይ ቆርሳ ቀመሰችና ምንም አልተናገረችም፤ ዝም ማለቷ ይቅርታዋ ነበር። በዚያ ቀን ሙጣጩን ጠርጋ፣ ሁለት እንጎቻ ደራርባ፣ በርበሬውን በቅቤ አሽታ ቀባችና ሰጠችኝ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ምድጃው ዳር ቁጢጥ ብዬ እንደ ልጅ በላሁት።

ታሪኬ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ነገር ግን እናቴ ዐረፈች። ለቅሶው አልቆ ዕቃዋ ሲከፋፈል እኔ መጻሕፍቱንና ፎቶግራፎቹን ወሰድሁ፤ ማሰሮዋን ማን እንደወሰዳት እንኳ አልጠየቅሁም። ከሁሉ ይልቅ ሊታወቀኝ የሚገባኝ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ረሳሁት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰፈራችን ለልማት ፈረሰ። ጎረቤቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ፤ አንዱ ከከተማው ምሥራቅ፣ አንዱ ከምዕራብ ጫፍ። እትዬም ከልጃቸው ጋር ሄዱ፤ የት እንደሆነ ሳላጠያይቅ ዘመኑ አለፈ። ያኔ ገባኝ። እርሾን የሚጠብቀው መሰጠቱ ነው ብዬ ነበር፤ እውነት ነው። መሰጠቱን የሚጠብቀው ግን የአጥሩ ቅርበት ነበር። ደብሮቹ በየተራራቸው ባይኖሩ ኖሮ ቅጂው ምን ይጠቅም ነበር?

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በስደት አሜሪካ የገቡት ወገኖቻችን ጤፍም እርሾም በሌለበት አገር፣ ፈረንጅ ለኬክ የሚጠቀምበትን ዱቄት በጋዝ ውሃ በጥብጠው ዐይን ያለው ነገር ለማውጣት ሲታገሉ ኖረዋል። ዐይኑ ይወጣል፤ ኮምጣጣነቱ ግን የለም። በኋላ ጤፍ በአይዳሆ ግዛት ሲዘራ ዱቄቱ ተገኘ፤ እርሾውንም ከባዶ ጀመሩት። አንዷ የጀመረችው ለሌላዋ ደረሰ። ሰፈር የሌላቸው ሰዎች በእርሾ ምክንያት ሰፈር ሠሩ ማለት ነው።

እኔ ግን አገሬ ላይ ሆኜ ለዓመታት እንጀራ ከሱቅ ገዝቼ በላሁ። ጥሩ እንጀራ ነው፤ አላማም። ሆኖም የሱቅ እንጀራ ሙጣጭ የለውም። በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚመጣ ነገር መጨረሻው አይታይም፤ የሚተርፍም የሚጠበቅም ነገር አይኖረውም። ባለፈው ክረምት አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት ገዛሁ። በጆግ ውስጥ በውሃ ለወስሁትና በኵሽናው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥሁት። ሁለት ቀን ምንም አልሆነም። በሦስተኛው ቀን ጥቂት አረፋ አወጣ፤ መጥፎ ይሸት ነበር። የዛሬ ስንት ዓመት የደፋሁትን ሽታ ዐወቅሁትና አልደፋሁትም። በአምስተኛው ቀን ሽታው ተለወጠ። ቢጫውን ውሃ ቀድቼ በሌላ ዱቄት ላይ ጨመርሁት፤ ከዚያም በሌላ። የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ዐይን አልባ ነበሩ፤ ከምጣዱ የወጡትም ተቦጫጭቀው ነው። አራተኛው ጊዜ ላይ በኤሌክትሪክ ምጣዴ ላይ ዐይኖቹ አንድ በአንድ ሲከፈቱ ብቻዬን ቆሜ ተመለከትኋቸው።

የዚህ እርሾ አያት ቅድመ አያት የለውም። ከእናቴ ማሰሮ ጋር ዝምድና እንደሌለው አውቃለሁ፤ ባክቴሪያዎቹ ከዱቄቱ ጋር የመጡ ናቸውና ለማንም ውለታ የለባቸውም። በውስጡ የጎደለው የረቂቅ ሕይወት ዓይነት አይመስለኝም። የጎደለው ደጅ መቆሙ ነው፤ ኩባያውን በሁለት እጅ ይዞ መመለሱ ነው።

ዛሬ ሙጣጩን ጠርጌ ሁለት እንጎቻ ጋገርሁ፤ ዐይን ለዐይን አጋጥሜ፣ በርበሬና ቅቤ ቀብቼ በላሁ። ጆጉ ውስጥ ለእኔ ከሚበቃው በላይ እርሾ ተርፏል። ከፎቄ በታች ባለው ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የምጣድ ጠረን እሰማለሁ፤ ከደረጃው ላይ ስንገናኝም ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ስማቸውን ግን ገና አላውቅም። እርሾውን እስካሁን ለማንም አልሰጠሁትም። እስክሰጠውም ድረስ የእኔ ነው ብዬ ለመናገር አልደፍርም።